ግዴታው የከተማው፣ ፈቃዱ የነዋሪው፦ የአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ የእሳት አደጋ ብርጌድ እንዴት ይደራጃል፣ በማንስ ይመራል?

ቤት ሲቃጠል ደርሶ የማጥፋት ኃላፊነት የማን ነው የሚለው ጥያቄ በየአገሩ የተለያየ መልስ ያገኘ ሲሆን፣ አንዳንዱ መንግሥት ሥራውን ለፖሊስ ወይም ለጦር ሠራዊት፣ አንዳንዱም ደመወዝ ለሚከፈላቸው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሰጥቶታል። በጀርመን ግን ከትልልቆቹ ከተሞች በስተቀር እሳት የሚያጠፉት፣ ከተጋጨ መኪና ውስጥ ሰው የሚያወጡትና በጎርፍ ጊዜ ጀልባ ይዘው የሚወጡት አናጺው፣ መምህርቷ፣ የባንክ ሠራተኛውና ገበሬው፣ ማለትም ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ነዋሪዎች ናቸው። ብዛታቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ በቋሚ ሠራተኞች የተቋቋመ ብርጌድ ያላቸው ከተሞች ግን ከመቶ ብዙም አይበልጡም። በኢንዱስትሪዋ የምትታወቅና ሰማንያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር የነዋሪዎቿን ሕይወትና ንብረት በዋናነት ለበጎ ፈቃደኞች አደራ መስጠቷ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው።

ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው በደግነት የሚጀመርና ደግነቱ ሲቀዘቅዝ የሚቀር ሥራ ነው፤ የጀርመኑ ብርጌድ ግን በሕግ የቆመ የከተማው አስተዳደር አካል እንጂ የደጋግ ሰዎች ማኅበር ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም፣ ብርጌዱን የማቋቋም ግዴታ በከተማው ላይ የተጫነ ሆኖ ሳለ ወደ ብርጌዱ የመግባቱ ውሳኔ በእያንዳንዱ ሰው እጅ መቅረቱ፣ የአደረጃጀቱና የአስተዳደሩ ጥበብም አንዱ ሌላውን ሳይውጠው ሁለቱን አስሮ በመያዝ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። የእሳት አደጋ ሕግ በጀርመን የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን የየክፍለ ሀገሩ ሥልጣን በመሆኑ፣ ነገሩን በአንድ ክፍለ ሀገር ወስኖ ማየት ይሻላል፤ ስለዚህ እዚህ የሚታየው የደቡብ ምዕራቡ የባደን-ቩርተምበርግ ሕግ ሲሆን፣ ለምሳሌነት የተመረጠችውም ከኮንስታንስ ሐይቅ በስተሰሜን ባለው በአፕል እርሻና ለቢራ ጠመቃ በሚያገለግለው በሆፕ ተክል በታወቀው አካባቢ የምትገኘው፣ ሃያ ሺሕ ያህል ሕዝብ ያላት ቴትናንግ ናት። ቴትናንግ የተመረጠችበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም በአንድ ነዋሪዋ ላይ የተጣለ አነስተኛ ግብር እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ የበጎ ፈቃዱ ሥርዓት ምሰሶ እንዲመረመር ስላደረገ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበጎ ፈቃድ ብርጌድ ከመፈጠሩ በፊት በጀርመን ከተሞች እሳት ማጥፋት የሁሉም ግዴታ ነበር። የከተማው የእሳት ደንብ እያንዳንዱ አባወራ የቆዳ ባልዲ እንዲያኖር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወልም ይዞ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር፤ አናጺዎችና ግንበኞችም ጣራ አፍርሰው እሳቱን ከጎረቤት ቤት የመቁረጥ ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ጉድለቱ የሰው ማነስ አልነበረም፤ የሚጎርፈው ሕዝብ ያልሠለጠነ፣ አዛዡ ብዙ፣ ባልዲ የሚያቀብለውም ሆነ ቆሞ የሚመለከተው የማይለይ መሆኑ ነበር። የመካኒክ ጥበብ እየተሻሻለ በርካታ ሰዎች በአንድ ምት የሚገፉት የእጅ ፓምፕ ሲመጣ ይህ ጉድለት ጎልቶ ታየ፤ ምክንያቱም ፓምፑ ሥራ የሚሠራው አስቀድመው አብረው በተለማመዱ ሰዎች እጅ ሲገባ ብቻ ነው።

ለውጡ በጉልህ የታየው በባደን ነው። ካርል ሜትስ የተባለው የሃይደልበርግ ፋብሪካ ባለቤት ፓምፖቹን ለከተሞች ሲሸጥ፣ መሣሪያው የሠለጠነና የተደራጀ ቡድን እንደሚያስፈልገው አብሮ ይሰብክ ነበር፤ ለካርልስሩኸ ቅርብ በሆነችው በዱርላኽም የከተማዋ የሕንፃ ሥራ ኃላፊ ክርስቲያን ሄንግስት በ1846 በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ነዋሪዎችን አሰባስቦ በልምምድ የተገራ ቡድን አቋቋመ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1847፣ የካርልስሩኸ ቤተ መንግሥት ቲያትር በእሳት ተያይዞ ከስልሳ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከዱርላኽ የደረሰው ቡድን ቲያትሩን ማዳን ባይችልም እሳቱ ወደ አጠገቡ ሕንፃዎች እንዳይዛመት ገታው። በግዴታ የወጣው የሕዝብ ብዛት ያልቻለውን ጥቂት የሠለጠኑ ፈቃደኞች መቻላቸው በአገሩ ሁሉ ተወራ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ከተማ ከከተማ እየተከተለ የበጎ ፈቃድ ብርጌድ ተቋቋመ። ብዙዎቹ ፈቃደኞች ከስፖርት ማኅበራት የመጡ መሰላል መውጣትና መዝለል የለመዱ ወጣቶች ስለነበሩና የእነዚህ ማኅበራት አባላት በ1848 እና 1849 በባደን በተካሄደው አብዮት ስለተሳተፉ፣ ባለሥልጣናት ብርጌዶቹን ለተወሰነ ጊዜ በጥርጣሬ ዐይን ተመልክተዋቸዋል። ያም ሆኖ የኡልሙ ነጋዴና የብርጌድ አዛዥ ኮንራድ ዲትሪኽ ማጊሩስ በ1853 በፕሎኺንገን የየከተማውን ብርጌዶች ተወካዮች ጠርቶ ልምዳቸውን እንዲለዋወጡ አድርጓል፤ በኋላም ስሙን በመላው ዓለም ያሳወቀውን የእሳት አደጋ መሰላል ፋብሪካ የመሠረተው እሱ ነው።

ዛሬ በባደን-ቩርተምበርግ ያለው ሕግ መነሻው አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ከተማና የገጠር ቀበሌ በራሱ ወጪ ለሥራው ብቁ የሆነ ብርጌድ አቋቁሞ፣ አስታጥቆ መያዝ አለበት። የነዋሪው ቁጥር ሕጉ ከወሰነው መጠን በላይ የሆነ ትልቅ ከተማ ቋሚ ሠራተኞች ያሉት ክፍል እንዲኖረው ይገደዳል፤ ከዚያ በታች ያለው ሥራውን በበጎ ፈቃደኞች መወጣት ይችላል፣ በተግባርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ መኪናው፣ ጣቢያው፣ የመከላከያ ልብሱና ቱቦው የከተማው ንብረት ሲሆን፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ሕዝብ የመረጠው የከተማ ምክር ቤት፣ የበላይ ኃላፊውም ከንቲባው ነው። አዲስ የመሰላል መኪና ይገዛ ወይስ የመዋዕለ ሕፃናቱ ጣራ ይታደስ የሚለው ክርክር በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ በጀት ላይ ይካሄዳል። ክፍለ ሀገሩ በእሳት መድን ክፍያዎች ላይ ከሚጣለው ልዩ ግብር ከሚያገኘው ገቢ ለመኪናና ለጣቢያ ግንባታ ድጎማ ይሰጣል፤ አውራጃው ደግሞ የየከተማውን ብርጌዶች የሚቆጣጠርና የሚያማክር፣ አደጋው ከአንድ ከተማ አቅም በላይ ሲሆንም አመራሩን ሊረከብ የሚችል ባለሙያ ይመድባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ግን አዛዡ የሚሾምበት ሥርዓት ነው። የብርጌዱ አዛዥ በከንቲባው ምርጫ ብቻ የሚሾም ሠራተኛ አይደለም፤ በአባላቱ ምርጫ ብቻ የሚቆም የማኅበር ሊቀ መንበርም አይደለም። በሥራ ላይ ያሉት አባላት በምስጢራዊ ድምፅ ለአምስት ዓመት ይመርጡታል፤ ምርጫው የሚጸናው ግን የከተማው ምክር ቤት ሲስማማበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከንቲባው ይሾመዋል። ለምርጫ የሚቀርበውም ደስ ያለው ሰው ሁሉ ሳይሆን ሕጉ ለኃላፊነቱ የሚጠይቀውን ሥልጠና የያዘ መሆን አለበት። በዚህ መንገድ አንድ ሰው ሦስት ፈተና ያልፋል፦ ሌሊት ከኋላው ጭስ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች ያምኑታል፣ ግብር ከፋዩን የሚወክለው ምክር ቤት ይቀበለዋል፣ የሙያው መመዘኛም ብቁ ነው ይለዋል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አመራሩ እንደሚናጋ ለመረዳት ሥራው ምን እንደሆነ ማሰብ ይበቃል፤ ደመወዝ የማይከፈለውን ሰው ሊፈርስ በተቃረበ ጣራ ሥር ግባ ወይም ውጣ ብሎ ማዘዝ በሹመት ደብዳቤ ብቻ የሚቻል አይደለምና።

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው ንጽጽር ዕድር ነው። ዕድርተኛው ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ራሱ ይመርጣል፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ይገዛል፣ የቀረና ያጠፋ ይቀጣል፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑና ዕቃው የጋራ ነው፤ ብርጌዱም በመንፈሱ ከዚህ አይርቅም። ልዩነቱ ያለው የዕድር ዳኛ ተጠያቂነቱ ለአባላቱ ሲሆን የብርጌዱ አዛዥ ግን አባል ላልሆነው ነዋሪም፣ በፍጹም ለማያውቀው መንገደኛም ጭምር በሕግ ተጠያቂ መሆኑ ላይ ነው፤ የምክር ቤቱ ይሁንታም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አባላት አዛዣቸውን የመምረጣቸው መብት ከንቱ ወግ አለመሆኑን የጀርመን ታሪክ ራሱ በአስከፊ መንገድ አሳይቷል። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ምርጫው ደረጃ በደረጃ ቀርቶ አዛዦች ከላይ የሚሾሙ ሆኑ፣ አይሁዳውያን አባላት ተባረሩ፣ በኖቬምበር 1938 የወጣው ሕግም በማኅበርነት የቆሙትን ብርጌዶች አፍርሶ የፖሊስ ረዳት ኃይል አደረጋቸው። በዚያው ወር፣ ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ ጥቃት በከፈቱበት ሌሊት በመላ አገሪቱ ምኩራቦች ሲቃጠሉ፣ በብዙ ከተሞች ብርጌዶች እሳቱ ወደ ጎረቤት ቤቶች እንዳይዛመት ብቻ እየጠበቁ ምኩራቡ እስኪወድም ቆመው ተመልክተዋል። እሳት ለማጥፋት የተቋቋመ አካል እሳቱን እየጠበቀ የቆመበት ያ ሌሊት፣ ከላይ ትእዛዝ የሚጠብቅ መዋቅር ብቻ ሆኖ መቅረት ምን ያህል እንደሚያዋርድ ከማንም ጽሑፍ በላይ ይመሰክራል፤ እርግጥ ነው፣ በፈቃዳቸው የተባበሩ አባላትም ስለነበሩ ጥፋቱን ሁሉ በመዋቅሩ ላይ ማላከክ አይቻልም። ከጦርነቱ በኋላ ሥርዓቱ እንደገና ሲተከል ኃላፊነቱ ከፖሊስ ወጥቶ ወደ ከተሞችና ክፍላተ ሀገር የተመለሰው፣ የአዛዡ ምርጫም ወደ አባላቱ የተመለሰው ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው።

ከአዛዡ ጎን የሚቆመው የብርጌዱ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው አዛዡ የሚመራውና አባላት በጠቅላላ ጉባኤ በየአምስት ዓመቱ የሚመርጡት ሲሆን፣ አዲስ አባል የመቀበል ሥልጣን የእሱ ነው። ከተማዋ በአስተዳደር የተጠቃለሉ መንደሮች ካሏት መንደሮቹ የየራሳቸው ጣቢያና የክፍል አዛዥ ይኖራቸዋል። ብርጌዱ በሥራ ላይ ካለው ክፍል ሌላ ዕድሜያቸው ለገፋ አባላት የጡረተኞች ክፍል፣ ለልጆች የወጣቶች ክፍል፣ በአንዳንድ ቦታም የሙዚቃ ጓድ አለው። ጡረተኛው የመከላከያ ልብሱን ከመለሰ በኋላም አባልነቱ አይቋረጥም፤ የወጣቶቹ ክፍል ደግሞ የነገዎቹ አባላት ዋና ምንጭ ስለሆነ አስተዋይ የሆነ ከተማ ለእሱ የሚያወጣውን ገንዘብ አይቆጥበውም። አባላቱ በበዓል ዝግጅትና በስጦታ የሚያገኙት ገንዘብ ለኅብረታቸው ማጠናከሪያ በተለየ ቋት ይቀመጣል፤ ይህም ቢሆን የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ በዕቅድ የሚወጣና ሒሳቡ በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ ነው። አዛዡ ብርጌዱን በሚመለከት ጉዳይ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ያለ ድምፅ ሐሳቡን ለመስጠት ይጠራል፤ የመሣሪያ ጉድለት ካየም ለከንቲባው ማሳወቅ ግዴታው ነው። ይህ ደንብ ከውጭ ሲታይ ተራ ቢመስልም፣ ያረጀ መኪና አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢቆምና ሰው ቢሞት ማን ምን ያውቅ እንደነበረ የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ ስለሚሆን፣ ምክር ቤቱ ጥያቄውን በቸልታ እንዳያልፈው ያስገድዳል።

ወደ ብርጌዱ የሚገባው ሰው በፈቃዱ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን በግዴታ ይታሰራል። ኮሚቴው ማመልከቻውን ሲቀበል አዲሱ አባል በአዛዡ ፊት እጅ በመጨባበጥ ቃል ይገባል፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲጠራ የመውጣት፣ በልምምድ የመገኘት፣ ትእዛዝ የመፈጸምና በሰው ቤት ያየውን ምስጢር የመጠበቅ ሕጋዊ ኃላፊነት አለበት። ያለ በቂ ምክንያት የሚቀር ሰው ሊወቀስና በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል፤ ጥፋቱ ከባድ ከሆነም ይሰናበታል። በአገር አቀፉ የሥልጠና መመሪያ መሠረት የመጀመሪያው ኮርስ ቢያንስ 70 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ ቀጥሎ በሁለት ዓመት ውስጥ በየጣቢያው የሚሰጥ የ80 ሰዓት ትምህርት አለ፤ የሁለት ሰዎች ጥንድ መሪ ለመሆን ተጨማሪ 35 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ለሚሄደው የአመራር ትምህርት ደግሞ በብሩኽዛል የሚገኘው የክፍለ ሀገሩ የእሳት አደጋ ትምህርት ቤት አለ። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በምሽትና ቅዳሜ፣ ወይም ከሥራ በሚሰጥ ፈቃድ ነው። የታመቀ አየር ተሸክሞ ወደ ጭስ ለመግባት የሚፈልግ ሰው የሐኪም ምርመራ ማለፍና ብቃቱን በየዓመቱ በልምምድ ማሳየት አለበት፤ ጭሱ የበጎ ፈቃደኛውንና የደመወዝተኛውን ሳንባ አይለይምና ሕጉም በመመዘኛው አይለይም።

የሥራው መሠረታዊ ክፍል ዘጠኝ ሰው የሚይዘው ቡድን ነው። መሪው አንድ፣ መኪናውንና ፓምፑን የሚይዘው ባለሙያ አንድ፣ መልእክተኛው አንድ ሲሆኑ፣ የቀሩት ስድስቱ በሦስት ጥንድ ይከፈላሉ፤ አንደኛው ጥንድ ወደ እሳቱ ገብቶ ሰው ያወጣል፣ ሁለተኛው ውኃውን ያደርሳል፣ ሦስተኛው ቱቦውን ይዘረጋል። ጥንድ ሳይነጣጠል ገብቶ ሳይነጣጠል ይወጣል። ማንም በማንኛውም መኪና መቀመጫው ላይ ሲቀመጥ ተግባሩ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ በየመንደሩ ያሉ፣ አንድም ቀን አብረው ያልተለማመዱ ሰዎች እንኳ በአንድ አደጋ ላይ ሲገናኙ መናበብ አያቅታቸውም። የቆዳ ባልዲው ዘመን የጎደለው ይኸው ነበር።

ጥሪው የሚመጣው በ112 ነው። ስልኩን የሚያነሣው በብዙ አውራጃዎች የአውራጃው አስተዳደርና ቀይ መስቀል በጋራ የሚያንቀሳቅሱት ማዕከል ሲሆን፣ ጠሪው በሚነግረው መሠረት የሚያስፈልገውን ክፍል በወገብ በሚታሰር የጥሪ መሣሪያ ያነሣል። አባሉ ከአልጋው፣ ከእርሻው ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ጣቢያው ይሮጣል፤ የመጀመሪያው ባለ ዘጠኝ ሰው ቡድን ከጥሪው በኋላ በ10 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ደግሞ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቦታው ላይ እንዲደርስ ይጠበቃል። ሥራው ላይ ያለው መሪ አስፈላጊ ሲሆን በር ሰብሮ የመግባት፣ በግል ይዞታ ላይ የመሥራት፣ በአካባቢው የቆመውን ሰው እንዲረዳ የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ ይህም ደመወዝ የማይከፈለው ሰው የመንግሥትን ሥልጣን በእጁ የሚይዝበት ጊዜ ነው። አሠሪው ሠራተኛውን መልቀቅና የጠፋውን ሰዓት ደመወዝ መክፈል አለበት፤ የግል አሠሪ ከሆነ የከፈለውን ከተማው ይመልስለታል። በአደጋው የተጎዳ አባል በሕግ የተደነገገ የመድን ሽፋን አለው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ለማጥፊያው አይከፍልም፤ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት እሳቱን ያስነሣ ሰው ግን ወጪውን ሊጠየቅ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የታየው ሥርዓት ግዴታውን ለከተማው፣ ፈቃዱን ለነዋሪው ከፍሎ የሰጠ ነው፤ ነገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚህ ክፍፍል ሥር አሮጌው የሁሉም ግዴታ ተደብቆ ይኖር ነበር። የባደን-ቩርተምበርግ የቀድሞው ሕግ ከ18 እስከ 50 ዓመት ያሉ ወንድ ነዋሪዎች ሁሉ የእሳት አደጋ አገልግሎት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግግ ነበር፤ የማያገለግለው ወንድ ደግሞ ከተማው ከወሰነ በየዓመቱ የማካካሻ ክፍያ ይከፍላል። ሴቶች አገልግሎቱም ሆነ ክፍያው አይመለከታቸውም ነበር። የቴትናንግ ከተማ በ1982 ከአንድ ነዋሪዋ የጠየቀችው 75 የጀርመን ማርክ ነበር። ሰውየው ክፍያው በወንድነቱ ብቻ የተጣለበት መሆኑን ጠቅሶ ተከራከረ፤ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ተሸንፎ ጉዳዩን ወደ ስትራስቡርግ ወሰደው፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በጁላይ 18 ቀን 1994 በስድስት ለሦስት ድምፅ አድልዎ ተፈጽሞበታል ሲል ፈረደ።

የፍርዱ ምክንያት ከፍርዱ ይልቅ ያስተምራል። ፍርድ ቤቱ ወንድና ሴትን በግዴታ አገልግሎት መለየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ ሳይወስን ተወው፤ የያዘው ነጥብ በቂ ፈቃደኞች ስለነበሩ ማንም ወንድ በተግባር ተገድዶ አያውቅም የሚለው ነበር። ግዴታው በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ከሆነ ክፍያው የሚያካክሰው ነገር የለም፤ ማካካሻ መሆኑ ቀርቶ ግብር ሆኗል፣ ግብር ደግሞ በጾታ አይጣልም። በሌላ አነጋገር የበጎ ፈቃደኞቹ መብዛት ራሱ የግዴታውን ሕጋዊ መሠረት ሸረሸረው። በክርክሩ እንደተነሣው በባደን-ቩርተምበርግ ብርጌዶች ከ1978 ጀምሮ ለሴቶች ክፍት ነበሩ፤ ዛሬ በጀርመን በበጎ ፈቃድ ከሚያገለግሉት ከአሥሩ አንድ ያህሉ ሴቶች ናቸው፣ ይህም ገና ብዙ እንደሚቀር የሚያሳይ ቁጥር ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በጃንዋሪ 1995 ክፍያውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይጣጣም ነው ሲል ሻረው። ይህ ፍርድ ቤት የሚያስችልበት የካርልስሩኸው ሕንፃ የቆመው በ1847 የተቃጠለው ቲያትር በነበረበት ቦታ ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም መጠቀስ ያለበት ነው።

ክፍያው ቢሻርም የመጨረሻው ግዴታ ከሕጉ አልወጣም። ፈቃደኞች በቂ ካልሆኑ ከተማው ነዋሪዎቹን በግዴታ የመመልመል ሥልጣን በብዙ ክፍላተ ሀገር አለው፤ በሰሜን ባሕር በዙልት ደሴት ላይ ያለችው ሊስትም ይህን ሥልጣን ተጠቅማበታለች። ይህ ሕግ ብርጌዱ ቢፈርስ ከተማው ከኃላፊነት እንደማይድን ስለሚያሳውቅ ለምክር ቤቱም ለነዋሪውም ጠቃሚ ማሳሰቢያ ነው፤ ሆኖም በግዴታ የመጣ ሰው ለልምምድ ያለውን ልብ ሕግ ሊያዘው ስለማይችል፣ የትኛውም አስተዋይ ከንቲባ ወደዚያ እንዳይደርስ ይጥራል።

ዛሬ ብርጌዶችን በብርቱ የሚያስጨንቀው የሌሊቱ ጥሪ ሳይሆን የቀኑ ነው። ማታ ሁሉም ቤቱ ስለሆነ ሰው አይጠፋም፤ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ግን በትንሽ ከተማ የሚኖረው አባል ብዙ ጊዜ ሠላሳ ወይም ዐርባ ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ከተማ በሥራ ላይ ነው፣ የ10 ደቂቃውም መመዘኛ እሱን አይጠብቅም። የተወሰዱት እርምጃዎች የተለያዩ ናቸው፦ አንድ ሰው በሚኖርበትም በሚሠራበትም ከተማ አባል እንዲሆን መፍቀድ፣ ሁለትና ሦስት መንደሮችን አንድ ላይ መጥራት፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሠራተኞች በአባልነት መመልመል፣ የአዛዡ የወረቀት ሥራ ከትርፍ ጊዜው በላይ ሲሆን ደግሞ ለአስተዳደሩና ለመሣሪያ ጥገናው ደመወዝ የሚከፈላቸው ጥቂት ሠራተኞች መቅጠር። የመጨረሻው እርምጃ በጎ ፈቃደኛውን ከቢሮ ሥራ አሳርፎ ለእሳቱ ስለሚያውለው ከሁሉም የተሻለ ይመስላል፤ የአንድ አናጺ የሳምንት መጨረሻ በመድን ቅጽና በግዥ ሰነድ ካለቀ፣ ለአምስት ዓመት እንደገና እንዲመረጥ የሚፈቅድበት ምክንያት አይኖርምና።

ሌላው መንገድ እስካሁን ብዙም ያልተጠራውን ነዋሪ መጥራት ነው። ለአባልነት የጀርመን ዜግነት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጤና፣ ለሥልጠናው የሚበቃ ቋንቋና በአካባቢው መገኘት ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሌሎች አገሮች መጥተው በደቡብ ጀርመን ትንንሽ ከተሞች ከሚኖሩት አንዳንዶቹ በዚያው ከተማ ባሉ ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታሎችና መጋዘኖች፣ አንዳንዴም በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ ቀን ላይ ለጣቢያው ቅርብ ከሆኑት ነዋሪዎች መካከል ናቸው። የእሳት አደጋ መኪና ሲያዩ ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ እንጂ ጎረቤታቸው ይነዳዋል ብለው ላይገምቱ ይችላሉ፤ ብርጌዱም በበኩሉ ለብዙ ዘመን አባል የሚያገኘው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወጣቶች ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል በመሆኑ ከውጭ የመጣውን ሰው በሩ ድረስ ሄዶ የመጋበዝ ልምድ አላዳበረም። ኮሚቴው የማመልከቻውን መንገድ በቀላል ቋንቋ ቢያስረዳ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ ወጣቶቹ ክፍል ቢልኩ፣ ሕጉ አንድ ቃል ሳይለወጥ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ልጁ የሚለብሰውን የልምምድ ልብስ የሚገዛው ከተማው ነው።